የእማሆይ አውራ ጣት

እና ደግሞ የበሩ መቀርቀሪያ ላልቷል፣ ገፋ ያደረገው ሁሉ ይከፍተዋል፣ ወንበሩን ታስደግፈው ይሆን፣ ወንበሩን ካስደገፈችው ሳህኑን ምን ላይ ልታስቀምጠው ነው፣ አይ ይቅር፣ እማሆይ፣ የባሏ እናት፣ ቅዳሴ ናቸው፣ የፍልሰታ ቅዳሴ ቶሎ አይወጣም፣ እስኪመለሱ ድረስ ቤቱ የእሷ ነው፣ ገላዋም የእሷ ነው፣ ለዚችው ለአጭር ጊዜ። ትራስ ከጀርባ። ጉልበት ሰብሰብ። እግር ራቅ ራቅ። ሲስተር ተስኒም እንዲያ ነው ያለቻት፣ አዋላጇ፣ በሥዕል ሳይቀር አሳይታታለች፣ እናትዓለም ግን ሥዕሉን ማየት አፍራ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ወዳለው የክትባት ማስታወቂያ አሸሸች፣ እሺ፣ ገብቶኛል፣ እሺ ሲስተር፣ ብላ ወጣች፣ ግማሹ ሳይገባት። አሁን ማን ይጠየቃል።

ዘይቱ ሞቅ ብሏል። በሲኒ አድርጋ ሲኒውን ሙቅ ውኃ ያለበት ሳህን ውስጥ አስቀምጣዋለች፣ ጣቷን ነክራ ታወጣለች፣ ያብለጨልጫል፣ የወይራ ዘይት ነው፣ ማኅሌት ናት የገዛችላት፣ የፀጉር ቤቱ ባለቤት፣ አሠሪዋም ጓደኛዋም፣ ፋርማሲው አልቋል ሲላት ከንዋየ ቅድሳት መሸጫ ገዝታ አመጣችላት፣ ብልቃጡ ላይ መስቀል የታተመበት፣ አቦ አታካብጂ፣ ዘይት ዘይት ነው፣ ብላ ሳቀች፣ እናትዓለምም ሳቀች፣ ከዚያ ትራሷ ሥር ሸጎጠችው፣ በማግስቱ ብትፈልገው የለም። እማሆይ አልጋ ሊያነጥፉ ገብተው አግኝተውታል፣ መስቀሉን አይተው ተሳልመውታል፣ ቅብዓ ቅዱስ መስሏቸው ግንባራቸውን ቀብተው ከእመቤታችን ሥዕል ሥር፣ ከጧፉ ጎን አስቀምጠውታል፣ ከወዴት አገኘሽው ልጄ፣ ሰው ሰጠኝ እማሆይ። ከዚያ ወዲህ እማሆይ ቅዳሴ በሄዱ ቁጥር ከሥዕሉ ሥር ትሰርቃለች፣ የገዛ ዘይቷን፣ ሌላ ስም የለውም መስረቅ ነው፣ ሥዕሏን ቀና ብላ ሳታይ፣ ይቅር በይኝ እመቤቴ፣ አንቺም እናት ነሽ፣ አንቺ ግን ያለ ምጥ ነው የወለድሽው፣ ምኑን ታውቂዋለሽ፣ ኧረ ምን እያልሁ ነው፣ ምን እያልሁ ነው በዚህ ጾም።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅረዋል፣ በዝናቡ መሀል የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይመጣል ይሄዳል፣ ቅዳሴው የት እንደደረሰ ለማወቅ የቄስ ሚስት መሆን አያስፈልግም፣ ሽምብጥ ሰፈር የሚኖር ሁሉ ይሰማዋል፣ ገና ነው፣ ወንጌል አልተነበበም፣ ጊዜ አለ፣ በይ ጀምሪ። ሆዷን በአንድ እጇ ወደ ጎን ታባብላለች፣ ሌላውን በሥር ታሳልፋለች፣ አውራ ጣቷ ይደርሳል አይደርስም፣ ጫፉ ብቻ ነካ አድርጎ ይመለሳል፣ ጎኗን ወጋት፣ ትንፋሽ፣ እንደገና፣ ወገቧን ወደፊት ሳብ፣ አንገቷን ደፋ፣ ልጂቱ ከውስጥ በእግሯ ገፋቻት፣ ምን ትፈልጊያለሽ አንቺም፣ ላንቺው እኮ ነው። እጇ ሥራ ያውቃል፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ነው የምታሸው፣ ገና ስትነካቸው የየትኛዋ ራስ ጠንካራ የየትኛዋ ራስ ለስላሳ እንደሆነ ታውቃለች፣ ደንበኞቹ በእጇ ላይ ያንቀላፋሉ፣ እጅሽ ይባረክ ይሏታል፣ ያ ሁሉ የተባረከ እጅ ለባለቤቱ ሲሆን አጠረ።

ወደ ታችና ወደ ጎን፣ ወደ ላይ አይደለም፣ ወደ ላይ እንዳትነኪ ብላታለች፣ ሽንት የሚወጣበት አለ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊንጢጣው አቅጣጫ፣ በመካከል ያለው ሥጋ ነው የሚቀደደው፣ እሱን ነው የምናለማምደው፣ ቆንጠጥ ቃጠል ሲያደርግሽ ያዝ አድርጊና ተንፍሺ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ወዲህና ወዲያ፣ ካመመሽ ተዪው፣ እጅሽን ታጥበሽ፣ ጥፍርሽን ቆርጠሽ። ሲስተር ተስኒም የወረታ ልጅ ናት፣ አባቷ እህል ነጋዴ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፣ ስትናገር ዓይን ዓይንሽን ታይሻለች፣ አልዋሽሽም እናትዓለም፣ ይረዳል እንጂ ዋስትና አይደለም፣ ያንቺ ጠባሳ ብዙ ነው፣ ጠባሳ እንደ ጤነኛ ሥጋ አይለጠጥም፣ ምጥ ሲጀምርሽ ቤት እንዳትጠብቂ፣ ወዲያው ነይ፣ ካላዋጣ ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ያወጣታል፣ ቤት ብቻ እንዳትቀሪ። ቤት ብቻ። ቤት መቅረቱን ማን ፈልጎት።

ማን ፈልጎት፣ ያኔ፣ በመጀመሪያው ምጥ፣ እንፍራንዝ ነበሩ፣ ከገጠሩ ቤት፣ መንገዱ በተኩስ ተዘግቶ፣ ስልክ ይደወላል ኔትወርክ የለም፣ አምቡላንሱ ይመጣል ይሉና ደግሞ አይመጣም ይላሉ፣ ጀምበር ጠልቃ ወጣች፣ ደግሞ ጠለቀች፣ ቅቤ አምጡ ይላሉ እማሆይ፣ ያኔ ገና እማሆይ አልሆኑም፣ እማማ ነበሩ፣ ሆዷን በቅቤ ያሹታል፣ ወደ ታች ወደ ታች፣ ጎረቤት ሴቶች ጉልበቷን ይዘው፣ ግፊ፣ ግፊ እንጂ፣ ምን ዓይነት ሴት ናት ይቺ፣ ማሪያም ማሪያም፣ ከዚያ ድምፁ። አቡጀዲ ሲቀደድ። የሰው ገላ እንዲያ ይጮኻል ብላ አስባ አታውቅም፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ድምፅ ይጠበቃል፣ ሁሉም ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ አልመጣም፣ ልጁ አላለቀሰም፣ ወንድ ነበር፣ ፀጉሩ ብዙ። ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ነውና ቤተ ክርስቲያን አልሄደም፣ ጓሮ ከጌሾው ሥር፣ አባቱ ለሰው ሙት ሁሉ ፍትሐት የሚያደርስ ቄስ፣ ለገዛ ልጁ አንዲት ጸሎት ጮክ ብሎ ሊል አልተፈቀደለትም፣ አካፋውን ይዞ ቆመ፣ ቆመ።

እሷ ደግሞ ሽንት ስታፈስ። ይሄን ማኅሌት እንኳ አታውቅም። ሳትፈልገው የሚወጣ፣ በጨርቅ ላይ ጨርቅ፣ ሽታውን ራሷ እየሸተተች፣ ከሰው ራቅ ብላ እየተቀመጠች፣ ደጀ ሰላም ቆማ እየተሳለመች፣ ወደ ውስጥ ሳትዘልቅ፣ ባሕር ዳር መጥተው ሐኪም እስኪሰፋት ድረስ፣ ሐኪሙ ጎበዝ ነው፣ ደረቀች፣ ዳነች ይባላል፣ ዳንሁ፣ ግን ስትስቅ አሁንም ትጠነቀቃለች፣ ስታስነጥስ ጉልበቷን ትገጥማለች። ያን ሁሉ ደግማ ልትሆን አትችልም። አትችልም፣ ይሄን ለማንም ጮክ ብላ አላለችም፣ ሞት ይሻለኛል ማለት ኃጢአት ነው፣ እንግዲህ ኃጢአት ይሁን፣ ለዚህ ነው በቀን ብርሃን እንደ ሌባ እግሯን ከፍታ የተቀመጠችው።

ባሏን ጠይቃዋለች። ቃለ ሕይወትን። ሲስተር ተስኒም እጅሽ ካልደረሰ ባልሽ ያግዝሽ ብላ እንደ ዋዛ ተናገረች፣ የሌላ ሴት ባል እጅ ምናልባት እንደ ዋዛ ነው፣ የቄስ እጅ ግን፣ ጾሙ ሊገባ ሲል ነበር፣ ዘጌ ሱባኤ ለመግባት ልብሱን ሲያሰናዳ፣ ነገረችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ዘይት፣ አውራ ጣት፣ እንደገና እንዳልቀደድ፣ እሱ ልብሱን ማጠፍ አቆመ፣ እጁን አየ፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ አየው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እናትዬ፣ እኔ ነገ ታቦት ፊት የምቆም ሰው ነኝ፣ ጾሙ ይፈታና። ይፈታና። ሆድ ቆይ ቢሉት አይቆይ። ክፉ ሰው ቢሆን በቀለላት፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስታፈስ ከአልጋው ያልራቀ ሰው ነው፣ ጨርቋን ራሱ ሐይቅ ወርዶ ሲያጥብ ሰው ያየው፣ ለጨርቁ የተፈቀደ እጅ ለገላዋ ተከለከለ፣ አልፈርድበትም፣ እፈርድበታለሁ፣ ጀልባ ላይ ሲወጣ ዞሮ አየኝ፣ እኔ ግን እጄን አላነሣሁም። ማኅሌት ስትሰማ ምን አለች፣ ሼም ነው፣ ባልሽን ያዝ አድርገሽ አታዢውም፣ እጁ ወርቅ ነው እንዴ፣ ማኅሌት አይገባትም፣ ወርቅ ቢሆንማ ይሸጥ ነበር።

ጻኡ ንኡሰ ክርስቲያን፣ ይላል ዲያቆኑ በድምፅ ማጉያው፣ ውጡ እያለ ነው ያልተጠመቁትን፣ እንግዲህ መሀል ላይ ደርሷል፣ ቶሎ በይ፣ ዘይት ጨምሪ፣ አንሶላው ላይ ጠብ አለ፣ ይሄ ደግሞ አይለቅም፣ ምን ልትላቸው ነው። አውራ ጣቷ አሁን ደረሰ፣ ጠባሳው ይሰማታል፣ ገመድ ነው፣ ጠንካራ፣ ትጫነዋለች፣ አይሰማም፣ ያቃጥላል እንጂ አይሰማም። ይሄ የልጇ ነው፣ የታችኛው። ከላይ ሌላ አለ፣ የቆየ፣ እሱን ሲስተር ተስኒም ባየችው ቀን፣ ተገርዘሻል አለቻት፣ ጥያቄ አልነበረም፣ በኛ አገር ያልተገረዘ አለ እንዴ ሲስተር፣ አለች እናትዓለም፣ ቀልድ ሊሆንላት ፈልጋ፣ ሲስተር ተስኒም አልሳቀችም። ማን እንደገረዛት አልጠየቀቻትም። ብትጠይቃትም ኖሮ መልሱ ሩቅ አይደለም፣ ማዶ ክፍል ነው የሚተኙት፣ በግራ ጎናቸው፣ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው።

እማሆይ ናቸው። ምስጢር አይደለም፣ ምስጢር ቢሆን ያማረ ነበር፣ የደብሩን ሴት ልጅ ሁሉ የገረዙ እሳቸው ናቸው፣ በስምንተኛው ቀን በጠዋት ይመጣሉ፣ እጃቸው ፈጣን ነው፣ እጃቸው ቀላል ነው ይባልላቸዋል፣ ደም አያበዛም፣ እናቷ ሳትቀር ታመሰግናቸው ነበር፣ በሠርጓ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ቆመው በሰው ፊት፣ ይቺ ልጅ ድሮም የኔ ናት፣ በስምንተኛው ቀኗ እኔ ነኝ ያጠራኋት፣ ከኔ እጅ ወጥታ ወደኔ ቤት ገባች፣ እልልታ፣ ቃለ ሕይወት አቀርቅሮ ፈገግ፣ እሷም በቬሏ ሥር ፈገግ ብላለች፣ አዎ፣ ፈገግ ብላለች፣ ምን ታውቃለች ያኔ፣ የምርቃት ያህል ነው የሰማችው።

አሁን ደግሞ ሴት ናት። በአልትራሳውንድ ታየች፣ ሴት ናት ተባለ፣ እማሆይ ይህን ሲሰሙ ከእንፍራንዝ ተነሥተው መጡ፣ ላርስሽ ነው የመጣሁ ብለው፣ ዕቃቸው አንድ አቅማዳ ነው፣ በሶ፣ ዳዊት፣ ተለዋጭ ነጠላ፣ እና ነጠላው ጫፍ ላይ የተቋጠረ ነገር፣ ልታጥብላቸው ስትፈታው ምላጭ፣ አዲስ፣ ከነወረቀቱ፣ እጇ ውስጥ አንዴ ቀዘቀዛት፣ መልሳ ቋጠረችው፣ ልክ እንደነበረው አድርጋ። ማታ እራት ላይ ቃለ ሕይወት አለ፣ አሁን እኮ ሕግ ወጥቷል እማሆይ፣ ይከለከላል፣ እማሆይ ቆሎአቸውን እያላመጡ፣ እኔ መነኩሴ ነኝ ከሌላ ሰው ልጅ እጄን አንሥቻለሁ፣ ለገዛ ልጄ ልጅ ግን የውጭ ሰው አላስነካም፣ ስምንት ቀን ሲሆናት እኔው፣ ሕጉ የት ያየኛል። ቃለ ሕይወት ወደ እሷ አየ። እሷ ወደ ሳህኑ አየች። ማንም ምንም አላለም፣ አለመናገር ደግሞ እዚህ አገር እሺ ማለት ነው።

መቀርቀሪያው ይንኳኳል። አይደለም፣ ነፋስ ነው። አይደለም፣ ተከፈተ። አንሶላ፣ አንሶላው የታለ፣ ትስበዋለች፣ ሲኒው ይገለበጣል፣ ዘይቱ በሳህኑ ውኃ ላይ ዘርዘር ብሎ ይንሳፈፋል፣ እማሆይ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ከቆባቸው ዝናብ እየተንጠባጠበ፣ ጉልበቴ አላስቆም ቢለኝ ወጣሁ፣ ይላሉ መጀመሪያ፣ ከዚያ ያያሉ፣ ሁሉንም በተራ ያያሉ፣ ጉልበቷን፣ ሳህኑን፣ አልጋው ጫፍ ላይ ያለውን ብልቃጥ። ያን ብልቃጥ በየቀኑ እየሳሙ። ሊጮኹ ነው። ሊያማትቡ ነው። ለቃለ ሕይወት ሊነግሩ ነው፣ ለደብሩ ሁሉ፣ ቅብዓ ቅዱሱን በማይገባ ቦታ፣ ምን ይላሉ፣ በቃ ንገሪያቸው፣ ምን ቀረሽ፣ ምን የቀረ ክብር አለሽና ነው።

ቅብዓ ቅዱስ አይደለም እማሆይ። የሱቅ ዘይት ነው። ድምፅዋ የሷ አይመስልም፣ እየወጣ ነው ግን፣ እንዳልቀደድ ነው፣ አዋላጇ ናት ያዘዘችኝ፣ በየቀኑ በዘይት ማሸት፣ ወደ መጨረሻው፣ እንዲላላ፣ እጄ አልደርስ አለኝ፣ ቃለ ሕይወት አይችልም፣ ያንን ቀን እርስዎ ያውቁታል፣ እርስዎ ነበሩ፣ እርስዎ ሰምተውታል ሲቀደድ። እማሆይ የረጠበ ነጠላቸውን ያወልቃሉ፣ ወንበሩ ላይ ያሰጡታል፣ ቀስ ብለው፣ ለረጅም ጊዜ ያሰጡታል፣ ጫፉን ያቃናሉ፣ እና እንዲህ ይላሉ፣ ሰምቻለሁ። እስተ አሁን እሰማዋለሁ።

የት ላይ ነው የሚታሸው፣ ይላሉ ቀጥለው።

ምን ማለታቸው ነው። አሳዪኝ ነው። አይሆንም፣ አይሆንም እማሆይ፣ ቆርበው ይሆናል፣ ዛሬ የቆረቡ ሰው እንዲህ ያለ ነገር፣ አልቆረብሁም፣ ይላሉ፣ ሳይደርስ ነው የወጣሁ። እሷ ልትል የፈለገችው ሌላ ነው። ልትል የፈለገችው በዚያ እጅ አይሆንም ነው፣ የፈለገው እጅ ይሁን በዚያ እጅ ብቻ አይሆንም፣ ያ እጅ መንገዱን ያውቀዋል። ግን ሌላ እጅ የለም። ዘጌ ያለው እጅ መስቀል ይዟል፣ ማኅሌትን ልጠይቃት ብትልስ፣ ለሰው ሁሉ ታወራዋለች፣ እናቷ አፈር ውስጥ ናት፣ የሷ ጣት አጥሯል፣ ምጡ ደግሞ አይጠብቅም፣ ዛሬ ይሁን ነገ። ጥፍር፣ ትላለች። ጥፍር መቆረጥ አለበት፣ እጅ በሳሙና።

እማሆይ ጣታቸውን ያያሉ። ጥፍራቸው ወፍራም ነው፣ የእርሻ አገር ጥፍር። ወደ አቅማዳቸው ይሄዳሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቋጠሮ ይፈታሉ፣ ሲመለሱ ምላጩን ይዘዋል፣ ያንኑ፣ ወረቀቱን በጥርሳቸው ይቀድዱታል፣ መስኮቱ ጋ ቆመው አውራ ጣታቸውን ከርክመው ከርክመው ይቆርጡታል፣ ቀኙን፣ ግራውን፣ ጥፍሩ ድንጋይ ነው፣ ምላጩ ይንሸራተታል፣ እናትዓለም ምላጩን ብቻ ነው የምታየው፣ ለልጄ የመጣው፣ ለልጄ የተገዛው፣ ለልጄ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጡታል፣ ከጥፍሩ ቁርጥራጭ ጎን። ይታጠባሉ። በሳሙና፣ እስከ ክርናቸው፣ ቄስ በቅዳሴ እንደሚታጠብ ዝግ ብለው። ዘይቱን ከብልቃጡ መዳፋቸው ላይ ያፈሳሉ፣ መስቀሉን በጣታቸው ሸፍነው።

ተንፍሺ። ማን አለ፣ እሷ ናት ለራሷ ያለችው። እጃቸው ሞቃት ነው፣ ይሄን አልጠበቀችም፣ ቀዝቃዛ ይሆናል ብላ ነበር፣ እንዴት ነው አሉኝ፣ በሁለት አውራ ጣት፣ ጥቂት ገባ አድርገው፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ አይደለም እማሆይ፣ ወደ ላይ አይንኩ፣ እሽ፣ ወደ ታች፣ ያዝ፣ ያቃጥላል፣ ይቃጠል፣ ወዲህና ወዲያ፣ ቀስ፣ እሽ ይላሉ በየመሀሉ፣ እሽ፣ እንደ ልጅ። ጣራውን ታያለች፣ ቆርቆሮው ላይ አንድ ቀዳዳ አለ፣ በእሱ በኩል ግራጫ ሰማይ፣ ከሐይቁ የጀልባ ሞተር ይሰማል፣ ዘጌ የሚመላለሰው መሆን አለበት፣ እሱ አሁን ምን እያደረገ ይሆን፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ። ቅድሳት ለቅዱሳን፣ ይላል ድምፅ ማጉያው። የተቀደሰው ለቅዱሳን።

አውራ ጣቱ ይቆማል።

ጠባሳው ላይ ደርሷል፣ የታችኛው ላይ አይደለም፣ ሲመለስ ሸርተት ብሎ ነው ከላይ ያለውን የነካው፣ የቆየውን፣ ወደ ላይ አይንኩ ብላቸው ነበር፣ ልትናገር አፏን ትከፍታለች፣ ግን ጣቱ አይነሣም። እዚያው ላይ። ያ ፈጣን ያ ቀላል የተባለ እጅ። እማሆይ ፊታቸውን አላነሡም፣ ቆባቸው ብቻ ነው የሚታያት፣ ያማል፣ ይላሉ፣ እየጠየቁ ነው፣ ያማል ወይ ልጄ፣ ሃያ ምናምን ዓመት አርፍዶ የመጣ ጥያቄ፣ አንዲት የስምንት ቀን ልጅ እግሯን ተይዛ የጮኸችውን ማን ያማል ወይ አላት፣ ልታፅናናቸው ትችል ነበር፣ አያምም፣ ምንም አይደል እማሆይ፣ እንዲያ ብላ ነው ያደገችው፣ ምንም አይደል እያለች፣ አይሆንም፣ ዛሬ አይሆንም። ያማል። ይሄ የርስዎ ነው። ያኛው የልጄ ነው፣ ይሄኛው የርስዎ ነው፣ አይለጠጥም፣ አዋላጇ እንዳለችው አይለጠጥም።

እጃቸውን ያነሣሉ ብላ ትጠብቃለች። አላነሡም። ወደ ታች ይመልሱታል፣ ወደ ተባለው ቦታ፣ ይጫናሉ፣ ያዝ ያደርጋሉ፣ እና በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሁሉም እንዲህ ናቸው ወይ፣ ይላሉ።

ሁሉም፣ እነማን፣ አሃ፣ የገረዟቸው። ሁሉም። አላውቅም እማሆይ፣ ማንን አይቼ አውቃለሁ፣ ማን ለማን ያሳያል፣ እማሆይ ግን እሷን አይደለም የሚጠይቁት፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ውዳሴ ማርያም እየደገሙ መሰላት፣ አይደለም፣ ስም ነው፣ የደሞዝ ልጅ፣ ይላሉ፣ የደሞዝ ታላቂቱ፣ አውራ ጣቱ ወዲህ፣ የቢያዝን ልጆች፣ ሁለቱም፣ አውራ ጣቱ ወዲያ፣ የገድሉ እኅት፣ ያቺ ቀይ፣ የአለበል ልጅ፣ እዚህ ላይ ይቆማሉ፣ የአለበል ልጅ በምጥ ናት የሞተች፣ እናትዓለም ታስታውሳለች፣ ልጇ ሳይወጣ፣ አብረው ነበር ውኃ የሚቀዱት፣ አብረው ነበር የሚስቁት፣ እማሆይ ያንን ስም ደግመው ይሉታል፣ የአለበል ልጅ። ከዚያ ይቀጥላሉ፣ ሌላ ሌላ፣ የማታውቃቸውም አሉ፣ ከሷ በፊት ያደጉ፣ ጣቱ በየስሙ ይሄዳል ይመጣል፣ ዘይቱ ዘልቋል፣ ያቃጥላል፣ ግን ላላ አለ ወይስ መሰላት፣ አታውቅም፣ ላትተርፍ ትችላለች፣ በዚህ ሁሉ ዘይትም ላትተርፍ ትችላለች፣ ስሙ ግን ያልቃል፣ መጨረሻው እሷ ናት፣ እና አንቺ፣ ይላሉ እማሆይ፣ እጃቸውን ያነሣሉ።

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፣ መዳፋቸው ወደ ላይ፣ አይጠርጉትም፣ ምን ሊያደርጉት እንደሆነ የማያውቁ ይመስላል። እናትዓለም ጉልበቷን ትገጥማለች። አሁን ይቅርታ ሊጠይቋት ነው፣ ይቅር በይኝ ቢሏት ምን ትላለች፣ የሚባል የላትም፣ እግዚአብሔር ይፍታዎ የቄስ ሥራ ነው፣ ከሷ አይጠብቁ፣ አላሉም ደግሞ። መስኮቱን ታያለች። ምላጩ እዚያ ነው። ያ ነገር ከኔ ጋር ይደር፣ ትላለች፣ እጇን ዘርግታ። ጥፍር መቁረጫ ነው፣ ይላሉ እማሆይ፣ ፊታቸው ሳይዞር፣ አውቃለሁ፣ ትላለች፣ ግን ከኔ ጋር ይደር።

ይነሣሉ። ጉልበታቸው ቋ ይላል። ምላጩን ያነሡታል፣ በዘይቱ ከጣታቸው ያመልጣል፣ ደግመው ያነሡታል፣ ወረቀቱን ፈልገው ይጠቀልሉታል፣ መዳፏ ላይ ያስቀምጡታል። ስለ ልጂቱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አልማሉም፣ አልተማፀኑም፣ ምላጭ ደግሞ የማዕዘኑ ሱቅ ሞልቷል፣ እስከ ስምንተኛው ቀን ስንት ምላጭ ይሸጣል፣ ይሄን አንዱን መያዟ ምን ይፈይዳል፣ ምንም፣ ግን ትጨብጠዋለች፣ ከወረቀቱ በኩል ስለቱ ይሰማታል፣ ቀን ከሌሊት ልጠብቃት ነው፣ ተቀድጄም ቢሆን፣ እየፈሰስሁም ቢሆን፣ ልጂቱ በቀኝ ጎኗ ተገላበጠች፣ ከባድ ናት፣ በሕይወት ያለች ናት። ድምፅ ማጉያው እትዉ በሰላም ይላል፣ ወደየቤታችሁ በሰላም ግቡ፣ ሰዉ በዝናብ ውስጥ እየተበተነ ነው፣ እማሆይ በሩ ጋ ደርሰው ቆመዋል፣ እርጥብ ነጠላቸውን በክርናቸው አንጠልጥለው፣ እጃቸውን ከልብሳቸው አርቀው፣ ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ፣ ይላሉ።

በቅዳሴ ሰዓት፣ ትላለች።

እማሆይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያያሉ። መነኩሴ ናቸው፣ ፍልሰታ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ቁርባን ነው።

እሽ፣ ይላሉ። በቅዳሴ ሰዓት።